ሕፃኑ ቢጫ ከሆነ በዓይን አትገምቱ፣ አስለኩ

ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆና ሆስፒታል ተኛች። ሰማያዊ መብራት ሥር ታክማ ዳነች። ያኔ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኘሁ ብዬ የተመኘሁትን እዚህ እጽፋለሁ። አራስ ቤት ያላችሁ፣ ልትወልዱ የተቃረባችሁ፣ አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱም ጭምር አንብቡት።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል። የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት በዓይን አይለካም። ዓይን ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ መብራቱ ሥር ሳለች፣ ከመብራቱ ከወጣችም በኋላ ይህንኑ ደጋግሜ አይቻለሁ። እውነቱን የሚናገረው ደሟ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነበር።

የተወለደችው ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን። ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። መቼም አራስ ቤት መጋረጃ አይከፈትም። ምች አለ፣ ብርድ አለ። ቀኑን ሙሉ የሚበራው ቢጫማ አምፖል ነው። ልጅቷ ደግሞ እስከ አንገቷ ተጠቅልላለች፣ የምትታየው ፊቷ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሰው ሁሉ መልክ አንድ ነው። ጠያቂዎች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ይገባሉ። ልጅቷን ያዩና "እንዴት ያለች ቀይ ልጅ!" ይላሉ። "ቁርጥ አባቷን" የሚልም አለ። ቀኑን ሙሉ ስለምትተኛ ደግሞ "ጨዋ ልጅ" ብለው ይመርቋታል።

የጠረጠረችው ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። ሙያዋ አዋላጅ ነው። ገንፎ ልትቀምስ መጥታ ልጅቷን ታቀፈቻትና ዝም አለች። ከዚያ እናቴን "እማማ፣ እስቲ መጋረጃውን ትንሽ ይግለጡልኝ" አለቻት። እማዬ ደስ አላላትም፤ ግን ገለጠችው።

መስኮቱ አጠገብ ወስዳ ጨርቋን ፈታችላት። ግንባሯን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የተጫነው ቦታ ለአፍታ ደም ይሸሸዋል፣ ከሥር ያለው ቀለም ያኔ ብቅ ይላል። ቢጫ ነው። ደረቷንም እንዲሁ አደረገች፣ ቢጫ። ሆዷም ጭኗም እንደዚያው። የዓይኗን ነጭ አየች፣ ድዷንም ገልጣ አየች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ስንቴ ጠባች? ስንት ዳይፐር አረጠበች? ካካዋ አሁንም ጥቁር ነው ወይስ ተቀይሯል? ለመጥባት ራሷ ትነቃለች ወይስ ትቀሰቅሻታለሽ?

ይህን እናንተም ቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ልጁን አራቁታችሁ። ቆዳው ጠቆር ላለ ሕፃን ከቆዳው ይልቅ የዓይኑ ነጭ፣ ድዱ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ይናገራሉ። ቢጫነቱ ብዙ ጊዜ ከፊት ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ ሰዓት ማባከን የለም። ግን "ፊቷ ላይ ብቻ ነው" ብላችሁ አትረጋጉ። የለመደ ሐኪም እንኳ ከቆዳው አይቶ ቁጥሩን ልክ ሊነግራችሁ አይችልም።

እማዬ "ሁሉም ሕፃን ቢጫ ይሆናል፤ አንቺንም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እያሞቅኩሽ ነው የለቀቀሽ" አለች። ጎረቤታችን የመለሰችላት መልስ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። "እማማ፣ እውነትዎን ነው። ብዙው በራሱ ይለቃል። የትኛው እንደሚለቅና የትኛው እንደሚብስ ግን እኔም በዓይኔ አላውቅም። ደሟ ይታይ።"

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ቀኑ ሞልቶ ከተወለደ ሕፃን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ ከ10 ሕፃናት ወደ 8 ያህሉ። ሕፃን ማህፀን ውስጥ ሳለ ቀይ የደም ሴሉ ብዙ ነው። ከተወለደ በኋላ ትርፉ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። እሱን አጣርቶ ወደ አንጀት የሚልከው ጉበት ነው፣ የሕፃን ጉበት ግን ገና ሥራ እየለመደ ነው። በቂ ወተት ካልገባ አንጀቱ ቶሎ አይንቀሳቀስም፣ ሊወጣ የነበረው ቢሊሩቢንም ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። አብዛኛው ሕፃን ላይ ነገሩ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። የማይወርድለት ሕፃን ግን አለ። ቢሊሩቢኑ ከልክ ካለፈ አንጎል ውስጥ ይገባል። ያኔ የሚደርሰው ጉዳት መስማትን ሊያሳጣ፣ እንቅስቃሴን ሊያሰናክል፣ ሊገድልም ይችላል። የተጎዳ አንጎል ደግሞ በኋላ ቢታከም አይመለስም። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ በጊዜ ከተደረሰበት መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የወለድኩበት ቦታ በማግስቱ ሸኘኝ። ለልጅቷ የክትትል ቀን አልሰጡኝም፣ ስለ ቢጫነትም ትንፍሽ ያለ የለም። ቢጫነቱ ጫፍ የሚደርሰው እኮ እናት ቤቷ ገብታ መጋረጃ በተዘጋባት ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሕፃኑ እንዲታይ ይመክራል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ "በሦስተኛው ቀን የት ነው የማሳየው?" ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። የቀጠሮ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። አንዳንድ ቦታ ሳይወጉ ግንባርና ደረት ላይ አስነክተው የሚለኩበት መሣሪያም አለ፣ ካለ ይለካላችሁ።

ራይድ ጠርተን መሀል ከተማ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ገና ስታያት ደም አዘዘች። ናሙናውን ውጪ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ባለቤቴ ነበር። ነርሷ ብልቃጧን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችውና "ብርሃን እንዳያገኘው፣ እዚያ እስክትደርስ እንዳትፈታው" አለችው። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። ብርሃን ብልቃጥ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢንም ያፈርሰዋል፣ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ናሙና ይዛችሁ የምትሮጡ አባቶች ይህን ያዙልኝ።

ውጤቱ 19 ሆኖ መጣ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንደኛው ጠቅላላው ነው፣ "ቶታል" ይሉታል። ሁለተኛው "ዳይሬክት" ነው፣ ጉበት አልፎ የመጣው ክፍል። የእኛ ዳይሬክት ትንሽ ነበር። የብርሃን ሕክምና የሚረዳውም እንዲህ ያለውን ነው። ዳይሬክቱ ከፍ ካለ ነገሩ ሌላ ስለሆነ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። መለኪያውንም እዩ። ብዙ ቦታ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በማይክሮሞል። 1 ሚሊግራም 17 ማይክሮሞል ገደማ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 320 የሚል ቁጥር ብታዩ ከ19 ብዙም አይለይም።

"19 ብዙ ነው?" አልኳት። ዶክተሯ እንደ ዕድሜዋ በሰዓት፣ እንደተወለደችበት ሳምንት፣ እንደ ደም ዓይነቷ ይለያያል አለችኝ። ለሆስፒታሎች የተዘጋጀ አንድ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጤነኛና ቀኑ የሞላ ሕፃን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ 18 ሲደርስ መብራት ይጀመርለት ይላል። ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም ሌላ አስጊ ነገር ካለበት ግን 15 ላይ ነው። የእኔ ልጅ በ37ኛው ሳምንት ነው የተወለደችው። በዚያ ላይ የደማችን ነገር ነበር። እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ኤ ፖዘቲቭ ነው፣ እሷ ኤ ሆነች። እናት ኦ ሆና ልጅ ኤ ወይም ቢ ሲሆን አንዳንዴ ከእናት የተሻገሩ የመከላከያ ፕሮቲኖች የልጁን ቀይ የደም ሴል ያፈርሱታል። ይህን የሚያጣራው ምርመራ ኩምብስ ይባላል። የእናት የደም ዓይነት ነጌቲቭ፣ የልጅ ፖዘቲቭ ሲሆንማ የባሰ ነው። ለዚያ ነጌቲቭ የሆነች እናት በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ አለ፣ የሚጠብቀው ቀጣዩን ልጅ ነው። የደም ዓይነታችሁ የእርግዝና ክትትል ካርዳችሁ ላይ ተጽፏል። አሁን አውጥታችሁ እዩት።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ቢጫነት ግን ቁጥር አይጠበቅበትም። ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ለመጥባት የማይነቃ፣ ሰውነቱ የዛለ፣ ጩኸቱ የቀጠነ፣ ጀርባውን ወደኋላ የሚለጥጥ ወይም የሚያተኩሰው ቢጫ ሕፃን ካለም ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

"ሙቀት ክፍል ትገባለች" ሲሉን ቤተሰቡ ሁሉ ደነገጠ። ለብዙዎቻችን ሙቀት ክፍል ማለት ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ተስፋ የሌለው ሕፃን የሚገባበት ነው። እማዬ ስልክ አንስታ ደብረ ብርሃን ላሉት ሁሉ "ጸልዩ" አለች። ልጄ ግን የተኛችው ዳይፐርና የዓይን መሸፈኛ ብቻ አድርጋ፣ ከበላይዋ ሰማያዊ መብራት በርቶ ነበር። ሕመም የለው፣ መቁረጥ የለው። የሚያመው ደም የሚቀዳባት ሰዓት ብቻ ነው።

መብራቱ ምን እንደሚሠራ ልጠይቅ ስል ዶክተሯ በቀላሉ አስረዳችኝ። ሰማያዊው ብርሃን ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጠዋል። ቅርጹ የተለወጠው በውኃ ይሟሟል። ስለዚህ ያልጠነከረውን ጉበት ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ይህን በደንብ የሚሠራው ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ከፀሐይ የሚመጣው ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር አይደለም። ዓይኗ የሚሸፈነው ከኃይለኛው ብርሃን ለመጠበቅ ነው፣ መሸፈኛው አፍንጫዋ ላይ እንዳይወርድ ግን ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ፀሐይ የእማዬን ክርክር በንቀት አላልፈውም። የሕክምናው መነሻ ራሱ ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናትን ወደ ግቢው እያወጣች ፀሐይ ታሞቅ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ለሐኪሞቹ አሳየቻቸው። ፀሐይ ያገኘው ሰውነቱ ነጣ ብሏል፣ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። እዚያው ሆስፒታል መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የደም ብልቃጥ ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ከዚህ ተነስተው መብራት ሠሩ፣ ውጤቱንም በ1958 አሳተሙ። እነሱ ፀሐዩን እያወቁ መብራት የሠሩት ፀሐይ ስለማትታዘዝ ነው። ደመና ይመጣል፣ ሌሊት ይሆናል፣ ስንት ብርሃን እንደገባ አይታወቅም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ነሐሴ ላይ የትኛዋን ፀሐይ? በበጋም ቢሆን ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ሕፃኑን ካላራቆትነው ብርሃኑ የሚያገኘው ፊቱን ብቻ ነው፣ ካራቆትነው ይበርደዋል። ረፋድ ላይ ስናወጣው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ፀሐይ ስስ ቆዳውን ታቃጥለዋለች። ናይጄሪያ ውስጥ ሌጎስ ላይ ጎጂውን ጨረር በሚያጣራ ልዩ ፕላስቲክ ዳስ ሥር ሕፃናትን በፀሐይ ያከሙበት ጥናት አለ፣ በ2015 ወጥቷል። ሠርቷል። ግን እነሱ በየጊዜው ሙቀት እየለኩ፣ ቢሊሩቢኑን በደም እያዩ ነው። በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ሕፃን ማቀፍ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ከፍ ላለ ቢጫነት ግን ሕክምና አይደለም። የሚያስፈራኝም ፀሐዩ ራሱ ሳይሆን "ነገ ደግሞ እናሙቃት" እያልን የምናሳልፈው ቀን ነው።

አሁን መብራቱ ሥር ስለምትቆዩበት ጊዜ። የእናት ሥራ እዚያ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ብቻ አይደለም። ሕክምናው የሚሠራው ብርሃኑ ባዶ ቆዳ ላይ እስካረፈ ድረስ ነው። ስለዚህ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ጓንት የለም። "በረዳት" ብላችሁ ጨርቅ ጣል አታድርጉባት፤ ከበረዳት ለነርሷ ንገሩ፣ ሙቀቷን ትለካለች፣ ክፍሉን ያሞቁታል። ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ አትቀቧት። ነርሶቹ በአልጋው ዙሪያ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ነበር፣ ያመለጠውን ብርሃን ወደ ልጁ ይመልሰዋል። መብራቱ ከልጁ ከራቀ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። ርቀቱን ራሳችሁ አትነካኩ፣ ግን "ልኩ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ በነበርንበት ክፍል አንድ መብራት ለሁለት ሕፃን የሚሆንበት ሰዓት ነበር። ማሽን አይበቃም። ነርሶቹ የሚችሉትን ሁሉ ያደርጋሉ፣ የማደንቃቸውም ለዚህ ነው። ግን ጎን ለጎን ሲተኙ ዳር ያለው ግማሽ ሰውነቱ ከብርሃኑ ይወጣል። ይህን ሳይ ዝም አላልኩም። "ሲስተር፣ እግሯ ውጪ ነው" ስላት መጥታ አስተካከለቻት፣ አንዴም አልተቆጣችኝም። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጊዜም አለች። ያቺን ጊዜ ለማጥባት ተጠቀሙባት።

ጡትን በተመለከተ፣ ዶክተሯ የተፈቀደልኝ እረፍት ለማጥቢያ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ ነገረችኝ። ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ ሕፃን ከሆነ ጭራሽ አይወጣም፣ የታለበ ወተት እዚያው ይሰጠዋል። ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ቢጫ ሕፃን እንቅልፋም ነው፣ ጎትጉታችሁ ቀስቅሱት። የእኔ ልጅ ሁለት ሳብ አድርጋ ትተኛ ነበር። ስለዚህ ካጠባኋት በኋላ የቀረውን አልቤ በስኒ ጠብ ጠብ አደረግንላት። እንገሩን "ወፍራም ነው፣ ይደፋ" የሚል ሰው ካለ አትስሙት፣ አንጀቷን የሚከፍተው እሱ ነው። ስኳር ውኃ፣ ባዶ ውኃ፣ የጤና አዳም ውኃ፣ ቅቤ ማስዋጥ አንዱም ቢሊሩቢን አያወርድም። ሆዷን ይሞሉና ወተቷን ያስቀሩባታል። እናንተ ደግሞ አጥሚቱን ጠጡ፣ ብሉ፣ ቤተሰብ ፔርሙስ ይዞ ይመላለስ። ካካዋ አረንጓዴና ቀጭን ሲሆን አትደንግጡ፣ ቢሊሩቢኑ እየወጣ ነው። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ቢጤ ብቅ ሊል ይችላል፣ ይጠፋል።

ዓይን ዋና ስህተቱን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ሥር ጥቂት እንደቆየች ቆዳዋ ነጣ። ጠያቂ ሁሉ በመስታወቱ አይቶ "ዳነች እኮ! ምን ያስቀምጣችኋል?" ይላል። ደሟ ሲታይ ግን 16 ነበር። ብርሃኑ ቀድሞ የሚያጸዳው ቆዳውን ነው፣ ደሙ ይዘገያል። የዓይን መሸፈኛዋ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ቦታ አሁንም ቢጫ ነበር። ከአጠገቤ የነበረች እናት በዚሁ ምክንያት ልጇን ይዛ ልትወጣ ዕቃዋን ሸክፋ ነበር። ቤተሰቧ ጠበል ሊወስዱት ፈልገዋል። ነርሷ ጠበሉን አልነቀፈችም። "እናንተ ጸልዩ፣ ጠበሉም ይደርሳል፤ ልጁ ግን ቁጥሩ ሳይወርድ ከመብራቱ አይውጣ" አለቻቸው። ቆዩ። እኔም አማኝ ነኝ፣ ነርሷ የተናገረችው ልክ እንደሆነ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። በመብራቱ የማይወርድ ወይም ወደ 25፣ አስጊ ነገር ላለበት ደግሞ ወደ 20 የሚጠጋ ቁጥር የሕፃኑን ደም በሌላ ደም እስከመቀየር ያደርሳል። ያ ከባድ ሕክምና ነው። መብራት ላይ መታገሥ ከዚያ ያድናል።

ቁጥሩ 12 ሲደርስ መብራቱ ጠፋላት። የዚያን ቀን አላስወጡንም፣ ባለቤቴም ተበሳጨ። ምክንያቱ መብራቱ ከቆመ በኋላ ቢሊሩቢን ተመልሶ ከፍ ሊል ስለሚችል ነው፣ በተለይ የደም አለመስማማት ያለበት ሕፃን ላይ። በማግስቱ ደሟ ታየ፣ 13 ሆኗል። ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን መብራት አያስፈልገውም። ሸኙን። እናንተን ያለዚህ ምርመራ ከሸኟችሁ "መቼ መጥተን ደሟን እናሳይ?" ብላችሁ ቀኑን አጽፉ። መብራት የነካው ቆዳ እያሳሳተ ስለሚቆይ ቤት ውስጥ አይታችሁ መፍረድ አትችሉም።

ቤት ከገባን በኋላ መጋረጃው ቀን ቀን ተገለጠ። እማዬ ራሷ ናት የምትገልጠው። ልብሷንም አንድ ባንድ አየነው። እህቴ የላከችው የሕፃን ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ በናፍታሊን ተቀምጦ የቆየ ነበር። ናፍታሊን አንዳንድ በተፈጥሮ የኤንዛይም እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ሽታው ያለበትን ልብስም ብርድ ልብስም ሕፃን አታልብሱ።

ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ እንደገና አሳዩ። የእናት ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ላይ እንዲህ ቆይቶ ጉዳት የሌለው ቢጫነት አለ፣ ጡት ማቆምም አያስፈልግም። ግን ይህን የሚወስነው ምርመራ ነው። በተለይ ካካው እንደ ኖራ ነጣ ካለ ወይም ሽንቱ ጠቆር ብሎ ዳይፐሩን ካቀለመ ቀን አትቁጠሩ። የሐሞት መውጫ ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያ በቀዶ ሕክምና የሚታከም ነው፣ ውጤቱም የሚያምረው ሁለት ወር ሳይሞላው ሲደረስበት ነው። ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ የነበረ ልጅ ካላችሁ የመስማት ምርመራም ጠይቁ። የእኔ ልጅ ተመርምራለች፣ ደህና ናት።

የደም ውጤቶቿን በሙሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። ታላቁ መብራት የገባበት ቤት ታናሹም ቢጫ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛ ሲመጣ ገና ክትትል ስጀምር ለአዋላጇ የማሳያት ይህንኑ ነው። እናንተም ከሆስፒታል ስትወጡ የውጤቱን ኮፒ ይዛችሁ ውጡ።